ዝናብ ሳይጥል ወባ ከየት መጣ? (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ጠያቂ፦ የሳቢያን እናት

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን በጥር ወር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ በደም ምርመራ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ተገኘበት። የሦስት ቀን ክሎሮኪን ጨርሶ ተሻለው። ከዚያ ጋር ለ14 ቀን የሚዋጥ ፕሪማኩዊን ተሰጥቶን ነበር፤ ሆዱን እያመመው ስላስቸገረ፣ ትኩሳቱም ስለለቀቀው በአምስተኛው ቀን አስቆምኩት። አሁን በመጋቢት ተመልሶ ታመመ፤ ምርመራውም ያንኑ ወባ አሳየ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? የደቻቱ ወንዝ ደርቆ፣ በሰፈራችን የታቆረ ውኃ ሳይኖር፣ ማታ ማታም አጎበር ውስጥ እየተኛን ወባው ከየት ይመጣል?

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎት። ክሎሮኪኑ ሥራውን ሠርቷል፤ የሚያጠፋው ግን በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ብቻ ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚተኛ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንክሻ ሊቀሰቀስ ይችላል። የተኛውን የሚያጠፋው ያቋረጡት ፕሪማኩዊን ነው። አዲስ ንክሻም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ካቋረጡት ኪኒን አንጻር እኔ የምጠረጥረው ማገርሸቱን ነው። የቀረውን ኪኒን በራስዎ አይስጡት፤ ማቋረጡን ለጤና ባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩ፣ መጠኑም በልጁ ክብደት እንደገና ይሠራ። ምግብ በልቶ ሲውጠው የሆድ ሕመሙ ይቀንሳል። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ወዲያውኑ አቁመው ይውሰዱት፤ በደማቸው ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸውን ሰዎች መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሎቻቸውን ይጎዳል። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

መልስ፦ ከከዚራ

ስለ ትንኟ እኔ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. በጋ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ጭምር፣ ወባ የተነሣው ዝናብ በሌለበት ወቅት ነበር። ምክንያቷም አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣችና በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች ትንኝ ናት። ይህቺ ረግረግ አትጠብቅም፤ በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን፤ ስለዚህ ወባውን ከወንዙ ሳይሆን ከግቢያችን እንፈልገው።

በርሜልዎን በባትሪ ብርሃን ቀስ ብለው ይዩት። ውኃው ላይ በአግድም ተንሳፍፎ፣ ጥላ ሲያርፍበት ወደ ታች የሚሸሽ ቀጭን እጭ ካዩ የወባ ትንኝ ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ሌላ ዓይነት ነው። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን በእኛ ሙቀት ከሳምንት ብዙም ስለማያልፍ፣ ዕቃውን በየሳምንቱ ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ፈግፍጎ ማጠብ፣ የማይደፋውን ደግሞ በጥብቅ መክደን ወይም በጥቅጥቅ መረብ መሸፈን ነው። አጎበሩን አይተዉ፤ ይሁንና ሳትተኙ በረንዳ ላይ ስታመሹ ልትነክስ ስለምትችል አጎበር ብቻውን አይበቃም።

መልስ፦ ከመጋላ

ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለውንም አትናቁት። ብዙ ጊዜ የደንጌ ትንኝ እጭ ነው፤ ደንጌና ቺኩንጉንያ የሚባሉት፣ ወባ ያልሆኑ በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎች ናቸው፤ ድሬዳዋን ደንጌ በ2013 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያም በ2019 እ.ኤ.አ. አጥቅተዋታል። ስለዚህ ትኩሳት ሁሉ ወባ ስላልሆነ ሳይመረመሩ የወባ ኪኒን ከፋርማሲ መግዛት፣ ይልቁንም እንደ ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ያለ የሕመም ማስታገሻ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ደንጌ ከሆነ ደም ሊያፈስ ይችላል። ልጁ እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው፣ ራሱን የሚስተው ወይም የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ለኪኒን ጊዜ የለም፤ በመርፌ መታከም ስላለበት በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጠያቂ፦ የሳቢያን እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ማቋረጤን ተናገርኩ፤ ልጄን መዝነው ክሎሮኪኑንና የ14 ቀኑን ኪኒን እንደ አዲስ ጀመሩለት። ከዚያ የሮቶውን ክዳን ከፍቼ በስልኬ መብራት ሳየው፣ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ውኃው ላይ በአግድም የተኙ እጮች ነበሩ። ደፍተን አጠብነው፣ ስንጥቁንም በመረብ ሸፈንነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቴም የእርሱን በርሜል ነገ አብረን እንድናየው ተስማምተናል።