«ሊሪክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ሥነ ውበት ፍልስፍና የተጻፈ መጣጥፍ ስተረጉም «ሊሪክ» ከሚለው የግጥም ዓይነት ስም ላይ ደርሼ ቆምሁ። «የዘፈን ግጥም» ልበለው ወይስ «የስሜት ግጥም»?

መልስ፦ ሁለቱም ያጎድላሉ። ቃሉ «ሊራ» ከተባለው የጥንት ግሪኮች ባለ አውታር መሣሪያ የመጣ በመሆኑ «የዘፈን ግጥም» ከሥርወ ቃሉ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም ግጥሙ ከመሣሪያው ተላቅቆ በዝምታ መነበብ ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፏል። «የስሜት ግጥም» የሚለው ደግሞ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከሄግል አከፋፈል ጋር ይዛመዳል፤ እሱ ግጥምን ኤፒክ (ረጅም የጀግንነት ትረካ)፣ ሊሪክና ድራማ ብሎ ሲለይ ሊሪክን የገጣሚው ውስጣዊ ዓለም መግለጫ አድርጎታልና። ስሜትማ በኤፒክም በድራማም ሞልቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ሊሪክን የሚለየው፣ ማን ለማን ይናገራል የሚለው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1833 እንዳስረዳው፣ ንግግር አዋቂ አድማጩን እያሰበ ሲናገር ገጣሚው ግን ለብቻው የሚናገር ያህል ነው፤ እኛ ጆሯችንን ጣል እናደርጋለን። አማርኛ ለዚህ «እንጉርጉሮ» የሚል ቃል አለው። ለምሳሌ ያህል ይህችን ስንኝ ቋጥሬያለሁ፦

ነፋስ ሆይ ቁምልኝ፣ አንዲት ቃል አለችኝ፣
ሳልነግራት ሄዳብኝ፣ አንቃ የያዘችኝ።

የተጠራው ነፋስ ነው፤ ቃሉ የታሰበው ለሄደችው ነው፤ የሚሰማው ግን ሦስተኛ ወገን፣ አንባቢው ነው። «የያዘችኝ» የሚለው ግሥም ቃሏን ይሁን ሴቲቱን እንደሚያመለክት አይለይም፤ ይህን ማሻማት ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር ብንመልሰው ይጠፋል፤ በሊሪክ ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላ አስተያየት፦ በምሳሌዎ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እንጉርጉሮ ትካዜ ያዘለ ቃል ነው። የደስታና የውዳሴ ሊሪክ ሲመጣ «የደስታ እንጉርጉሮ» ልንል ነው?

መልስ፦ ትክክል ነዎት፤ ያ ለጆሮ ይጎረብጣል። እንግዲያው ጠያቂያችን በመጣጥፉ ውስጥ «ሊሪክ»ን እንዳለ ይያዙት፤ «እንጉርጉሮ»ን ደግሞ መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ ለማብራሪያነት ብቻ ያስገቡት።