«ኪኒኑን ተው» የማለት ሥልጣን የማን ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። ቤታችንን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ስላለ ሐሳባችሁን ስጡኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከረመዳን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ምግብ አስጠልቶታል። ደረቱን ይጨንቀዋል፣ ሰው ሲመጣ ክፍሉን ይዘጋል። ሆስፒታል ወስደነው የድባቴ መድኃኒት ታዘዘለት። በ10ኛው ቀን «ምንም ለውጥ የለም» ብለን ሩቅያ፣ ማለትም በሕመምተኛ ላይ ቁርኣን እየቀሩ (እያነበቡ) ፈውስ የሚለምኑ ሰው ዘንድ ሄድን። ቁርኣን ቀሩለት። ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ሌሊት ተኛ፤ ይህን አልክድም። ግን ሰውየው «ሲሕር (ድግምት) ነው፣ ኪኒኑን ተው» አሉት። ተወ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ብሶበታል። አባቴ ሩቅያው ብቻ ይቀጥል ይላሉ። እኔ ደግሞ ሩቅያን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው መመዝገብ አለበት እላለሁ። መድኃኒት ካስቆመም ተጠያቂ መሆን አለበት። እናንተስ?

የመድረሳ አስተማሪ፦
ወአለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። አላህ አፊያ ያድርገው። መጀመሪያ ሩቅያን ማንም እንዳያቃልልብኝ። ሩቅያ ቁርኣን ነው። ፋቲሓ ነው፣ አያተል ኩርሲ ነው፣ ኢኽላስ፣ ፈለቅና ናስ ናቸው። ሰሓቦች (የነቢያችን ባልደረቦች) ጊንጥ በነደፈው የጎሳ አለቃ ላይ ፋቲሓ ቀርተው መዳኑ ቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ ላይ ተዘግቧል። ልቦች የሚረጉት አላህን በማውሳት መሆኑንም ሱረቱ ረዕድ ቁጥር 28 ነግሮናል። ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ደግሞ ለሩቅያ ሦስት መስፈርት አስቀምጠዋል። በአላህ ቃል ወይም በስሞቹ ይሁን። ቋንቋው የሚታወቅ ይሁን። በራሱ ሳይሆን በአላህ ፈቃድ እንደሚጠቅም ይታመን። «ኪኒን አስቁሙ» የሚል አራተኛ የለም። እንዲያውም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ምዝገባውን ግን አልደግፍም። ነገ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ማን ይቅራ፣ ማን አይቅራ ሊለን ነው?

ሩቅያ ያዳነኝ፦
እኔም ምዝገባውን እቃወማለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቀት አሰቃይቶኛል። ልቤ ሲመታ የምሞት ይመስለኝ ነበር። ልቤን ታየሁ፣ ደሜን ታየሁ፤ ሁሉም «ደህና ነህ» አሉኝ። ያቆመኝ ቁርኣን ነው። ጠዋት ማታ፣ ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና በአላህ የምንጠበቅበትን ዱዓ አደርጋለሁ። ከፈጅር በኋላ በጣና ዳር እየሄድኩ ዚክር እላለሁ። ውኃውን እያየሁ ትንፋሼ ይስተካከላል። ሌላ መድኃኒት አላውቅም። እውነቱን ልናገር? የዛሬ ወጣት ትንሽ ሲከፋው ድባቴ ይለዋል። ሰብር (ትዕግሥት) ጠፋ፣ ኢማን (እምነት) ደከመ።

የመድረሳ አስተማሪ፦
አብሽር ወንድሜ፣ በመዳንህ አልሐምዱሊላህ። የመጨረሻዋን ቃል ግን መልሳት። ነቢዩ ያዕቆብ በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል። የነቢያችን ባለቤት ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጣሊብ የሞቱበት ዓመትም «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወቃል። የነቢያት ልብ አዝኗል። ሐዘን የኢማን መለኪያ ቢሆን እነሱን ምን ልንል ነው? የታመመ ሰው ላይ «ኢማንህ ደክሟል» ስንጨምርበት ሸክሙን ሁለት እናደርግበታለን። ልጆች ይህን ፈርተው ነው የሚደብቁን።

ነርስ ነኝ፦
እዚሁ ከተማ ነው የምሠራው። ስለ 10ኛው ቀን ልናገር። የድባቴ መድኃኒት በ10 ቀን አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም ይቆያል። ቀድሞ የሚመጣው ደግሞ ደስ የማይለው ነገር ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እረፍት ማጣት። ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። በድንገት ማቆም ደግሞ ያዞራል፣ ያስበረግጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። መቆም ካለበት በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ያ መባባስ ሲሕሩ ጠንክሮ ላይሆን ይችላል። የተቋረጠው ኪኒን ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ራሱም ሊሆን ይችላል።

ግን እኛም ጥፋት አለብን። ሩቅያ የሚያደርጉት ሰው ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ይሰጡታል። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋሉ፣ በስሙ ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ተራው ሲደርስ አምስት ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ማን አስረዳው? አባትየው ሆስፒታሉን ባያምኑ አልፈርድባቸውም።

አንድ ጥያቄ፣ ወንድምህ ጫት ይቅማል? ለጥናት ብለው የሚጀምሩ አሉ። እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትም ያባብሳል። የታይሮይድ እጢ ምርመራም ይጠይቁለት። እሷ ስትዛባ ጭንቀትም ድባቴም ትመስላለች።

የዘጌ መንገድ ጎረቤት፦
እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ይህ የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አክስቴን ጸበል ቦታ መድኃኒቷን ያስጣሏት ሰዎች ነበሩ። ያኔ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የነበረው ክርክር ትዝ ይለኛል። አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ሲናገሩ አክስቴ ኪኒኗን በጸበሉ መዋጥ ጀመረች። ያሳመናት መንግሥት አይደለም፣ ሐኪምም አይደለም። የምታምነው አባት ነው። ስለዚህ ምዝገባ ከማለታችሁ በፊት ዑለማዎቻችሁ ጁምዓ ኹጥባ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበልጣል ባይ ነኝ።

እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ የበኩር ልጄን ቀብሬ ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ጥቁር አዝሙድ አጠጡኝ፣ ማር አበሉኝ፣ ዋግምትም ተደረገልኝ። ዋግምቱ አልጠቀመኝም። የማልረሳው የጎረቤቶቼን የገብስ አጥሚት ነው። በወተትና በማር እየሠሩ ተራ በተራ ይመጡ ነበር። በኋላ አንድ ኡስታዝ፣ የነቢያችን ባለቤት እናታችን ዓኢሻ ለሐዘንተኛ ተልቢና እያሉ የሚያሠሩት ይኸው የገብስ ነገር እንደሆነ ነገሩኝ። ልብን ያሳርፋል፣ ከሐዘንም ጥቂት ይወስዳል የሚል ሐዲስ አለው አሉኝ። አለቀስኩ። ኪኒኑንም ውጫለሁ፣ ስምንት ወር። ውዱእ አድርጌ፣ ቢስሚላህ ብዬ ነበር የምውጠው። ከሁለቱ የትኛው አዳነሽ ብትሉኝ አላህ ነው የምላችሁ።

ነርስ ነኝ፦
እማዬ፣ አላህ ያቆይልን። ስለ ጥቁር አዝሙዱ ብቻ አንድ ነገር። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አብዝቶ አይጠቀም። ሁለቱንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጫት ይቅማል፤ ፈተና ሰሞን ይብስበታል። ኡስታዝ፣ ገንዘቡስ? ለተቀራበት ውኃና ዘይት ያወጣነው ከመድኃኒቱ በላይ ነው።

የመድረሳ አስተማሪ፦
ዋጋ መቀበል አልተከለከለም። እነዚያ ሰሓቦችም በግ ተቀብለዋል፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አጽድቀውላቸዋል። ግን እነሱ የማያውቁትን «ሲሕር ነው» አላሉም። ፋቲሓን ደግሞ አንተም ልትቀራለት ትችላለህ። አባትህም፣ እናትህም። ቤታችሁ ውስጥ፣ በነፃ። ሩቅያ የአንድ ሰው ሱቅ አይደለም።

ሩቅያ ያዳነኝ፦
ስለ ኢማን ያልኩትን አንስቻለሁ ኡስታዝ። ልጁንም አፉ ይበለኝ። እኔም ስድን ማንም ኪኒን አላስጣለኝም፤ የምጥለውም አልነበረኝም። ምዝገባውን ግን አሁንም አልቀበልም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሳልነግራችሁ የቀረ ነገር አለ። ትናንት ሌሊት «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ሲል ሰማሁት። አባቴ ወስዋስ (የሰይጣን ጉትጎታ) ነው ብለው አለፉት።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ምዝገባውን ተወው አሁን። ማን አጠገቡ አለ? ለብቻው እንዳትተዉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብለህ በቀጥታ ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፣ እንዲያውም ይቀለዋል። በቤት ያለ መድኃኒትና ሊጎዳው የሚችል ነገር ሁሉ ይራቅ። ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ የትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኪኒኑን ማቆሙንም ንገሯቸው።

የሽምብጥ ልጅ፦
እናቴ አጠገቡ ናት። አባቴ ግን እሺ አይሉኝም።

የመድረሳ አስተማሪ፦
አባትህን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ ያውቁኛል። ባጃጅ ይዤ እየመጣሁ ነው። ልጁን አልብሱት። መንገድ ላይ እየቀራሁለት አብረን እንሄዳለን።