ለጁሪ የተጠራ በግሉ የሚሠራ ሹፌር ችግሩን በምን ማስረጃ ያሳያል?

የምኖረው በቨርጂኒያ ሲሆን መተዳደሪያዬ በኪራይ መኪና የምሠራው ኡበር ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፌዴራል ፍርድ ቤት የጁሪ ጥሪ፣ ማለትም ክርክር ሰምተው ከሚወስኑ ተራ ዜጎች አንዱ እንድሆን ጥሪ፣ ደርሶኛል። ግዴታውን አከብራለሁ፤ ሆኖም በቀን የሚከፈለው 50 ዶላር ለቤተሰቤ ቀርቶ ለመኪናው እንኳ አይበቃም፣ ኪራዩ ደግሞ ሠራሁም አልሠራሁም በየሰኞው ከሒሳቤ ይቆረጣል። ሕጉ ተቀጣሪውን በጁሪ ምክንያት ከሥራ እንዳይባረር ይጠብቀዋል፤ ለራሱ ለሚሠራ ሰው ግን የቀረበትን ገቢ የሚተካለት የለም።

አገልግሎቱ ከባድ ችግር የሚያስከትልበት ሰው ከግዴታው ነፃ እንዲደረግ ወይም ጊዜው እንዲራዘምለት መጠየቅ ስለሚፈቀድለት፣ ሁኔታዬን በጽሑፍ አስረድቼ የባንክ መግለጫዬን አያይዤ ብልክም፣ የመጣልኝ መልስ ከአሠሪዬ ደብዳቤ እንዳቀርብ የሚጠይቅ ነው። አሠሪ የለኝም። ስልክ ስደውልም የሚያነሳው የተቀዳ ድምፅ ነው።

በእጄ ያሉት ባለፈው ዓመት ለግብር ያስገባሁት ሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ)፣ የመኪናው የኪራይ ውል እና የኡበር ሳምንታዊ የገቢ ዝርዝር ናቸው። በግላችሁ እየሠራችሁ በፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ያለፋችሁ ወገኖች፣ በአሠሪ ደብዳቤ ምትክ ተቀባይነት ያገኘላችሁ ማስረጃ የትኛው ነው?