አስቸኳይ፦ የአደራ ልጆቼን ሰኞ መልሺ ተባልኩ (ደብረ ማርቆስ)

ጠያቂ፦ የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ሁለት እህትማማቾችን በአደራ ቤተሰብነት ከተቀበልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያስረከበኝ ድርጅት በየወሩ የሚሰጠኝ ድጎማ ከቀረ ሦስት ወር ሆነው። ዛሬ ሠራተኛዋ ደውላ «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ሰኞ ልጆቹን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ትንሿ ሰምታ ጫማዋን አድርጋ በር ሥር ተቀምጣለች፤ እራት አልበላም ብላለች። ክፍያውን መንግሥት ሊረከብ አይችልም? ወዴት ልሂድ?

የቢቸናው፦ እህቴ፣ ወረዳ ሴቶችና ሕፃናት ሂጂና ማመልከቻ አስገቢ።

ታዛቢ፦ የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለእጓለማውታን ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ ደህንነታቸውን የሚያራምዱ ተቋማት እንዲመሠረቱም እንዲያበረታታ ያዛል። ማበረታታት ግን መክፈል አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የአደራ ልጆችን ወጪ ለክፍለ ግዛቶች ይጋራል፤ እነሱም ከግል ድርጅቶች ጋር ውል ይገባሉ። እኛ ዘንድ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ሲታገድ ልጆቹ በአገራቸው ይደጉ ተባለ። ተቀብሎ የሚያሳድገው ሰው ግን ዛሬም የለጋሽ እጅ ይጠብቃል። ለጋሹ በሄደ ቁጥር ልጅ ይነሳ?

አባይ ማዶ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ልጅ በደመወዝ ያድጋል እንዴ? በጎጃም ስንቱ የጡት ልጅ ተቀብሎ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ማን ከፈለው?

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ደመወዝ አልጠየቅሁም። ድጎማው ለደብተርና ለዩኒፎርም ነበር። እንጀራ ጎድሎባቸው አያውቅም። የጨነቀኝ «መልሺ» የሚለው ነው።

የቢቸናው፦ ወረዳ ሂጂ አልኩሽ እኮ። ማመልከቻ!

የቡሬው፦ የዓመት በርበሬሽ ከኔ ነው፣ እህቴ። ትንሿ ግን እንዳትቀምሰው፣ የቡሬ ነው። አሁን ጫማዋን አውልቂላትና እራቷን አጉርሻት።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦ አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። ስትረከቢ የፈረምሽው ውል ላይ የወረዳው ማኅተም አለበት? ካለበት ድርጅቱ ብቻውን ልጅ ሊያነሳ አይገባም። ሰኞ ልጆቹን ትምህርት ቤት ስደጂና ውሉን ይዘሽ ወረዳ ግቢ። ድርጅቱ ሥራውን ሲጀምር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የፈረመው ስምምነት ይኖራል፤ ሲወጣ ልጆቹን ለማን እንደሚያስረክብ በደብዳቤ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። የስልክ ትእዛዝ አትቀበዪ። ድጎማውን መንግሥት ይተካል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥሽም፤ እኔ በሠራሁባቸው ወረዳዎች ለዚህ የተያዘ በጀት አላየሁም። ለደብተሩ ቀበሌያችሁ የድጋፍና ክብካቤ ጥምረት (ችግረኞችን የሚረዳ የነዋሪዎች ስብስብ) ካለው እሱን ጠይቂ። ጤና መድኅንሽ ላይ ልጆቹ ይመዘገቡ እንደሆነም ጠይቂ። ጉዲፈቻ ካሰብሽ ያ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ሌላ መንገድ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ውሉን ከሣጥን አወጣሁት። ማኅተሙ ሁለት ነው፤ አንዱ የድርጅቱ ነው፣ ሌላው ደብዝዞ አይነበብም።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦ የወረዳው ከሆነ ቅጂው እነሱ ፋይል ውስጥ አለ። በልጆቹ ስም ይፈልጉልሽ።

የቡሬው፦ እህቴ፣ ሰኞ አለፈ እኮ። ምን አሉሽ?