ልጄን በጊዜ ማስተኛት አቅቶኛልና ምክራችሁን እሻለሁ

የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ልጄ ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት አትተኛም፤ ለትምህርት ቤት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለምቀሰቅሳት ግን አንዱን ካልሲ አጥልቄላት ሌላውን ሳነሳ መልሶ እንቅልፍ ይወስዳታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በእሷ ዕድሜ ላሉ ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። እኔ ሥራ ስለምውል እናቴ ዘንድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ስለምትተኛ ድምሩ 10 ይሞላል፤ ያስቸገረኝ አከፋፈሉ ነው። እናቴን «ቀስቅሻት» ብላት «የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም» ትለኛለች፤ አሳዳጊዬን መቆጣት ደግሞ አይሆንልኝም። ቤት የምትውለው እህቴ ልጆቿን 2 ሰዓት ላይ ታስተኛለች፤ የእኔ ባለቤት ግን የሚገባው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጄም አባቷን ሳታይ አልጋ አትወጣም። የቀን እንቅልፏን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየቀነስኩ ላሳጥረው ወይስ የአባቷን ጨዋታ ወደ ማለዳ ላዛውረው? የሞከራችሁ ካላችሁ ለውጡ በስንት ቀን እንደታየ ጭምር ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።