ድብርት ላለባቸው ታራሚዎች ጡንቻ የማፍታታት ልምምድ እንዴት ይሰጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድብርት ለያዛቸው ታራሚዎች የአሜሪካዊውን ሐኪም የኤድመንድ ጃኮብሰንን ጡንቻ የማፍታታት ዘዴ ማስተማር ታስቧል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሰውም ብዙ። ከየት ይጀመር?

መልስ 1፦ ከእጅ ጀምሩ። ጡጫን 5 ሰከንድ ጨብጦ በአንዴ መልቀቅ፣ ከዚያ 20 ሰከንድ ዝም ብሎ እጁን ማዳመጥ። ቀጥሎ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ እግር። በቀን 2 ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ያህል። ብዙ ሰው የሚስተው አለቃቀቁን ነው፤ ቀስ እያለ ከለቀቀ የመወጠሩና የመላላቱ ልዩነት አይሰማውም። ሙሉ ኃይልም አያስፈልግም፣ አለዚያ ባት ይኮማተራል።

መልስ 2፦ እባካችሁ ዓይን ጨፍኑ ብላችሁ አታስገድዱ! ድብደባ ያየ ሰው በሰው መሃል ሲጨፍን ይብሳል። ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ አንድ ነጥብ ይይ። ትንፋሽ በአፍንጫ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 6 ቆጥሮ ማስወጣት። አብዝቶ የሚስብ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱንም ይነዝረዋል፤ ያኔ ወደ ተራ አተነፋፈሱ ይመለስ።

መልስ 3፦ ይህ ሕክምናን አይተካም። ስለ መሞት የሚያወራ፣ ምግብ የተወ ወይም ዕቃውን ማደል የጀመረ ታራሚ ካለ ወዲያው ለክሊኒኩ ንገሩ፤ እስኪታይም ብቻውን አይሁን።