ከአራት ባር መውጣት አቃተኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? በአምባሰል ቅኝት አንዲት አጭር የክራር ዜማ አለችኝ። አራት ባር (አራት የምት ዙር) ናት፣ በችክችካ ምት፣ ዶ ላይ ታርፋለች። ደስ ትላለች፤ ደቂቃ ሲሞላት ግን ትሰለቻለች። ቤዝና ከበሮ ጨመርኩ፤ ጮኸች እንጂ ፈቀቅ አላለችም። ወደ ባቲ ቅኝት ሳዞራት ደግሞ ሌላ ዘፈን የገባ መሰለ።

አሁን ያሰብኩት ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞልን ሳልነካ ማረፊያዋን ፋ ላይ ማድረግ ነው። ያኔ በዚያው አምስት ድምፅ ትዝታ ማይነር ቅኝት ትሆናለች። ለሁለተኛው ክፍል ይሄ ይበቃል ወይስ ምቱም መቀየር አለበት? ማሲንቆ እንዲመልስላት ብፈልግስ፣ የዜማዋን ጭራ ብቻ ይድገም ወይስ አዲስ ነገር ያምጣ? እባካችሁ "ስሜትህን ተከተል" አትበሉኝ፤ እሱን ተከትዬ ነው እዚህ የተቀረቀርኩት። ሠርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።